ሕዝብ ያመነው ባንክ የአክሲዮን ዋጋው አይወርድም?

ጥያቄ፦ «ሜክሲኮ አካባቢ የልብስ ስፌት ሱቅ አለኝ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ዕቁብ ሲደርሰኝ የአንድ ባንክ አክሲዮን በ150 ሺህ ብር ገዛሁ። የገዛሁት ትርፉን አስልቼ ሳይሆን መሥራቾቹ በእኛ ዘንድ የተከበሩ ሰዎች ስለሆኑ ነው። አሁን ባንኩ ተጨማሪ አክሲዮን ግዙ እያለን ነው፤ ወደ አክሲዮን ገበያው ሊገባ ነውም ይባላል። በሌላ በኩል ገንዘብ አጥሮታል የሚል ወሬ በቴሌግራም ይዘዋወራል። ወንድሜ ‹ሕዝብ ያመነው ድርጅት ዋጋው አይወርድም፣ ጨምሪበት› ይለኛል። ባለቤቴ ደግሞ ‹ወሬው ሳይሰፋ ሽጪ› ይላል። የማኅበረሰብ አመኔታ በእርግጥ የአክሲዮን ዋጋ ይወስናል? ምን ላድርግ?»

ምላሽ፦ ወንድምዎና ባለቤትዎ ተቃራኒ ምክር የሰጡዎት ቢመስልም የምክራቸው መነሻ አንድ ነው፤ ሁለቱም አመኔታን አንድና ያልተከፋፈለ ነገር አድርገው ይዘውታል። አንዳቸው አመኔታው ስላለ ዋጋው አይነቃነቅም ይላሉ፤ ሌላው አመኔታው ሊሄድ ስለሆነ ዋጋው ይወድቃል ይላሉ። በጥያቄዎ ውስጥ ግን ሦስት አመኔታዎች ተደባልቀዋል። አንደኛው ገንዘቡን በባንኩ የሚያስቀምጥ ሰው አመኔታ ነው። ሁለተኛው ትርፍና ኪሳራውን ሊካፈል ገንዘቡን የሰጠ ባለአክሲዮን አመኔታ ነው። ሦስተኛው ሰዉ ለመሥራቾቹ ያለው አክብሮት ነው። እርስዎን አክሲዮን ያስገዛዎት ይህ ሦስተኛው ሲሆን ከአክሲዮኑ ዋጋ ጋር ያለው ዝምድና ግን ከሦስቱ እጅግ የራቀው ነው።

ባንክ የሚሠራው በአብዛኛው በሌላ ሰው ገንዘብ ስለሆነ የአስቀማጩ አመኔታ እንደ ጥሬ ዕቃው ነው። የሚታመን ባንክ በዝቅተኛ ወለድ ብዙ ተቀማጭ ይሰበስባል፤ የማይታመን ባንክ ያንኑ ብር ለማግኘት ወለድ እየጨመረ መለመን አለበት፤ ልዩነቱም በዓመቱ መጨረሻ ትርፉ ላይ ይታያል። አስቀማጩ ግን ከኋላው መከታ አለው፤ በተቀማጭ መድን ፈንድ አማካይነት ገንዘቡ እስከ 100,000 ብር ድረስ ዋስትና ተገብቶለታል። አክሲዮን እንዲህ ያለ ዋስትና የለውም። ባንክ ቢፈርስ ባለአክሲዮን ድርሻውን የሚያገኘው አስቀማጮችና ሌሎች ገንዘብ ጠያቂዎች ተከፍሏቸው የተረፈ ነገር ካለ ብቻ ነው። ስለዚህ «ገንዘቤ ባንክ ነው ያለው» የሚለው አነጋገር ለቁጠባ ሒሳብዎ ትክክል ቢሆንም ለ150 ሺህ ብሩ አክሲዮን ትክክል አይደለም።

እነዚህ ሁለት አመኔታዎች ምን ያህል እንደሚራራቁ በቅርቡ በአገራችን ታይቷል። ኢትዮ ቴሌኮም ከ70 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች ያሉት ድርጅት ነው፤ ከእርስዎ ደንበኞችም የስፌት ዋጋ በቴሌብር የሚከፍሉዎት እንደማይጠፉ እገምታለሁ። ከድርጅቱ ድርሻ 10 በመቶ የሚሆኑ 100 ሚሊዮን አክሲዮኖች ከጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ እያንዳንዳቸው በ300 ብር ለሕዝብ ሲቀርቡ፣ ሽያጩ የካቲት 7 ቀን 2017 ዓ.ም. እስኪዘጋ ድረስ የተሸጡት 10.7 ሚሊዮን ያህል ብቻ ነበሩ፤ የገዢዎቹም ቁጥር 47,377 ነበር። ለዚህ ብዙ ምክንያት አለ፤ አንድ ሰው ከ3,333 አክሲዮን በላይ መግዛት አይችልም ነበር፣ የሰዉም እጅ አጥሮ ነበር። ሆኖም ለድርጅቱ በየቀኑ ገንዘቡን አምኖ የሚሰጠው ሕዝብ አብዛኛው በባለቤትነት አልገባበትም። ደንበኛ ሆኖ የሚያምን ሰው «ብሬ ይደርሳል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ባለአክሲዮን ሆኖ ሊያምን የሚፈልግ ሰው ግን «ትርፉን ማን ይወስነዋል? ልውጣ ብል ማን ይገዛኛል?» ብሎ መጠየቅ አለበት።

የአመኔታ ተጽዕኖ በዋጋ ላይ የሚያርፈው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ከላይ ያየነው ሲሆን ደንበኛው ሲያምን ገቢ ይጨምራል፣ ሲሸሽ ይቀንሳል። ሁለተኛው ብዙ ሰው የማያስተውለው ሲሆን ገዢዎች ለሚወስዱት ሥጋት የሚጠይቁት ካሣ ነው። አንድ አክሲዮን በየዓመቱ 200 ብር የትርፍ ድርሻ ያስገኛል ተብሎ ይጠበቃል እንበል፤ ነገሩን ለማቅለል ይህ መጠን ከዓመት ዓመት አይለወጥም ብለን እንያዘው። ገዢዎች 20 በመቶ ካላገኘን ገንዘባችንን አንሰጥም ካሉ ለዚያ አክሲዮን የሚከፍሉት 1,000 ብር ነው። በባንኩ መዝገብ ላይ አንዲት ሳንቲም ሳትለወጥ፣ የአመራሩ ቃልና ተግባር አልገጥም ስላላቸው ብቻ 25 በመቶ ቢጠይቁ፣ ያው 200 ብር የሚያስገኘው አክሲዮን 800 ብር ያወጣል። ቀጥሎ አስቀማጮችም መሸሽ ጀምረው የትርፍ ድርሻው ወደ 160 ብር ቢወርድ ዋጋው 640 ብር ይሆናል። የመጀመሪያው 200 ብር የጠፋው የባለአክሲዮኑ አመኔታ በመጉደሉ ነው፤ ቀጣዩ 160 ብር የጠፋው የአስቀማጩ በመጉደሉ ነው። እንግዲህ አመኔታ ዋጋ ይወስናል ወይ ለሚለው መልሴ አዎን፣ በብርና በሳንቲም ይወስናል የሚል ነው።

ይህ ግን ወንድምዎን ትክክል አያደርጋቸውም። ሕዝቡ ድርጅቱን የሚያምን ከሆነ ያ አመኔታ አስቀድሞ ዋጋው ውስጥ ገብቷል፤ እርስዎ ዛሬ ሲገዙ ከፍለው ነው የሚገዙት። ነገ ዋጋውን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው የአመኔታው መኖር ሳይሆን መጨመሩ ወይም መቀነሱ ነው። ጎረቤታችን ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2008 ከሳፋሪኮም 25 በመቶ የሚሆኑ 10 ቢሊዮን አክሲዮኖች እያንዳንዳቸው በ5 ሽልንግ ለሕዝብ ስትሸጥ ከ800 ሺህ በላይ ሰዎች ገዝተዋል። ድርጅቱን የማያምን ኬንያዊ በዚያን ጊዜ ብርቅ ነበር፤ በስልክ ገንዘብ ማስተላለፊያው ኤምፔሳም ከዓመት በፊት ተጀምሮ በመላ አገሪቱ እየተስፋፋ ነበር። የአክሲዮኑ ዋጋ ግን በቀጣዩ ዓመት ከ3 ሽልንግ በታች ወረደ። የደንበኛው አመኔታ እያደገ የባለአክሲዮኑ ገንዘብ ቀነሰ ማለት ነው። ከብዙ ዓመታት በኋላ ዋጋው ከመሸጫው በብዙ እጥፍ አድጓል፤ ይህንን ጥቅም ያገኙት ግን እስከዚያ ገንዘቡ ሳያስፈልጋቸው መቆየት የቻሉት ናቸው። ለልጆቹ ትምህርት ቤት ክፍያ ብሎ የገዛ ሰው ግን ዋጋው በወረደበት ጊዜ ሸጦ ለመውጣት ይገደዳል።

የባለቤትዎ ሥጋት መሠረት የለውም አልልም። አሜሪካ የሚገኘው የሲሊከን ቫሊ ባንክ አስቀማጮች አብዛኞቹ በአንድ የሥራ መስክ ያሉ፣ እርስ በርስ የሚተዋወቁ የድርጅት ባለቤቶች ነበሩ። ባንኩን ያመኑት ተነጋግረው ነበር፤ የሸሹትም ተነጋግረው ነው። እ.ኤ.አ. ማርች 9 ቀን 2023 በአንድ ቀን ብቻ 42 ቢሊዮን ዶላር ለማውጣት ተሰለፉ፤ በማግሥቱ ባንኩ ተዘጋ፤ ባለአክሲዮኖቹም ባዶ እጃቸውን ቀሩ። በትውውቅ የተገነባ አመኔታ ጠባዩ ይህ ነው፤ አብሮ ይመጣል፣ አብሮም ይሄዳል። የእርስዎ ባንክ አስቀማጮችና ባለአክሲዮኖች ከአንድ አካባቢ ወይም ከአንድ ንግድ የተሰባሰቡ ከሆኑ ይህን እንደ ጥንካሬ ብቻ መቁጠር አይገባም። ነገር ግን ያንን ባንክ ለውድቀት ያዘጋጀው ወሬው አልነበረም። የወለድ መጠን ሲጨምር ዋጋቸው የሚወርድ የረጅም ጊዜ ቦንዶችን (ወለድ የሚከፈልባቸው የብድር ሰነዶችን) በብዛት ገዝቶ ነበር፤ ይህም ከመዘጋቱ ከወራት በፊት በሒሳብ መግለጫው ላይ ይነበብ ነበር። ወሬው የመጣው ቁጥሩ ከታተመ በኋላ ነው።

ስለዚህ ስለ ወሬው ሲጠይቁ «ገንዘብ አጥሮታል» የሚለው ቃል ሁለት እጅግ የተለያዩ ነገሮችን እንደሚይዝ ይወቁ። አንደኛው ጊዜያዊ የጥሬ ገንዘብ እጥረት ነው፤ ባንኩ ያበደረው ገንዘብ ደህና ሆኖ ሳለ ዛሬ የሚከፍለው ያጥረዋል። ግብር በሚከፈልበት ሰሞን ነጋዴው ተቀማጩን ሲያወጣ እንዲህ ያለ መጨናነቅ ያጋጥማል፤ ከሌላ ባንክ ወይም ከብሔራዊ ባንክ በሚገኝ ብድርም ይታለፋል። ሁለተኛው ያበደረው ገንዘብ አልመለስ ብሎ ካፒታሉን መብላት ሲጀምር ነው፤ ይህ በብድር የማይጠገን ቀዳዳ ነው። የቴሌግራሙ ወሬ ሁለቱን አይለይም፤ የሒሳብ መግለጫው ግን ይለያል።

ባንኩ ለወሬው የሚሰጠው መልስም ራሱ መረጃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 በሺካጎ ከተማ ታይሌኖል የተባለው የሕመም ማስታገሻ ውስጥ በተጨመረ መርዝ 7 ሰዎች ሲሞቱ፣ አምራቹ ጆንሰን ኤንድ ጆንሰን ጥፋቱ የእሱ አለመሆኑን እየተናገረ አልተቀመጠም፤ 31 ሚሊዮን ያህል ጠርሙሶችን ከመደብሮች ሰብስቦ በአዲስ ማሸጊያ ተመለሰ፤ የቀነሰበትንም ገበያ ከሞላ ጎደል በዓመት ገደማ መልሶ አገኘ። የእርስዎ ባንክ ቁጥር አውጥቶ ከመለሰ አንድ ነገር ነው። «ስማችንን ለማጥፋት የተነሱ ኃይሎች» የሚል መግለጫ ብቻ ካወጣ ሌላ ነገር ነው።

አሁን ብዙ ባለአክሲዮን ወደሚጎዳበት፣ እኔንም በጣም ወደሚያሳስበኝ ጉዳይ ልለፍ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በከተማው መሃል ባለ አንድ ሆቴል አዳራሽ በተደረገ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ተገኝቼ ነበር። ባለአክሲዮኖቹ የዓመቱን ሪፖርት ያገኙት በር ላይ ሲፈርሙ ነው፤ ወፍራም፣ ባለቀለም መጽሔት ነበር፤ ስብሰባው እስኪጀመር ብዙዎቹ ያዩት ፎቶግራፉን ነው። ሊቀ መንበሩ ትርፍ በ20 በመቶ ማደጉን ሲናገሩ አዳራሹ አጨበጨበ። ከመሃል ወንበር አንዲት ነጠላ የለበሱ እናት ማይክሮፎኑን ተቀብለው «ትርፉ ካደገ የእኔ ድርሻ ከአምናው ለምን አነሰ?» ብለው ጠየቁ። የተሰጣቸው መልስ «ካፒታላችን ስላደገ ነው» የሚል ነበር፤ ወዲያው ዕድሉ ለሌላ ጠያቂ ተሰጠ፤ እናቲቱም ማይክሮፎኑን እንደያዙ ትንሽ ቆመው ተቀመጡ። መልሱ ሐሰት አልነበረም፤ ነገር ግን ማንም አላብራራላቸውም። አንድ ባንክ 600 ሚሊዮን ብር አትርፎ 2 ሚሊዮን አክሲዮን ካለው ለአንድ አክሲዮን የሚደርሰው 300 ብር ነው። በቀጣዩ ዓመት 720 ሚሊዮን ቢያተርፍና የአክሲዮኑ ቁጥር 3 ሚሊዮን ቢሆን ግን 240 ብር ይሆናል። ባንኩ አደገ፤ የእናቲቱ ድርሻ አነሰ።

ይህ ስሌት ለእርስዎ ሩቅ አይደለም። ብሔራዊ ባንክ የነባር ባንኮች ዝቅተኛ ካፒታል እስከ ሰኔ 2018 ዓ.ም. 5 ቢሊዮን ብር እንዲደርስ በማዘዙ ብዙዎቹ ባለአክሲዮኖቻቸውን ጨምሩ ሲሉ ቆይተዋል፤ የአዲስ አክሲዮን ጥሪ ከዚህ በኋላም አይቀርም። ጥሪው በራሱ የድክመት ምልክት አይደለም፤ የጥንካሬ ምልክትም አይደለም። መጠየቅ ያለበት አዲሱ ገንዘብ ምን ላይ ውሎ፣ በስንት ጊዜ፣ ስንት ትርፍ እንደሚያመጣ ነው። ለዚህ በጽሑፍ የተሰጠ መልስ ከሌለ የመሥራቾቹ ክብር ሊተካው አይችልም።

በሰው ላይ መተማመናችንን አልነቅፍም፤ የመጣነው በዚያ ነው። በ1967 ዓ.ም. ባንኮች፣ ኢንሹራንሶችና ፋብሪካዎች ሲወረሱ በአዲስ አበባ ተጀምሮ የነበረው የአክሲዮን ግብይትም አብሮ ቆመ፤ የአክሲዮን ወረቀት ይዘው የቀሩ ቤተሰቦች ታሪኩን ለልጆቻቸው ነግረዋል። የግል ባንክ እንደገና ሲፈቀድ አዋሽ ባንክን በ1987 ዓ.ም. ያቋቋሙት 486 ባለአክሲዮኖች ያዋጡት 24.2 ሚሊዮን ብር ነበር፤ በዚያን ጊዜ መተማመኛ የሚሆን የረጅም ዘመን የሒሳብ መዝገብ ስላልነበረ ሰው የሚያየው ሰውን ነበር። ዕቁብም የሚሠራው እንዲሁ ነው። ነገር ግን ዕቁብ ያለ ዋስ ዕጣ አይሰጥም፤ ዳኛና ጸሐፊ አለው፤ አባሉም በየሳምንቱ ፊት ለፊት ይተያያል። በብዙ ሺህ ባለአክሲዮኖች የተያዘ ባንክ ውስጥ ይህ መተያየት የለም። በእሱ ምትክ የቆሙት የውጭ ኦዲተር፣ የብሔራዊ ባንክ ቁጥጥርና በአዋጅ ቁጥር 1248/2013 የተቋቋመው የካፒታል ገበያ ባለሥልጣን የሚያስገድዳቸው መግለጫዎች ናቸው። እርስዎ ለዕቁቡ ዋስ ጠይቀው ለ150 ሺህ ብሩ አክሲዮን ሳይጠይቁ ቀርተዋል፤ ይህን የምለው ልወቅስዎ ሳይሆን አሁንም ጊዜ ስላለዎት ነው።

ገበያው መምጣቱም በትክክል ይታይ። በጥያቄዎ የአክሲዮን ገበያ ያሉት የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ወጋገን ባንክ ነበር፤ የተመዘገቡት ድርጅቶች ቁጥር ገና ጥቂት ነው። መመዝገብ ዋጋ ያስጨምራል የሚለው ግምት ስህተት ነው፤ መመዝገብ ዋጋን በአደባባይ እንዲታይ ያደርጋል፤ የሚታየው ዋጋ ከጠበቁት በታች ሊሆን ይችላል። የካፒታል ገበያ ባለሥልጣኑ የደንበኛ ሳቢ መግለጫን፣ ማለትም ድርጅቱ አክሲዮን ሲሸጥ ለገዢዎች የሚያቀርበውን የመረጃ ሰነድ፣ መዝግቦ ማጽደቁም ድርጅቱ ማሳወቅ ያለበትን አሳውቋል ማለት እንጂ አክሲዮኑ ያዋጣል ማለት አይደለም። በተጨማሪም ገዢና ሻጭ በጥቂቱ በሚገናኙበት ገበያ ላይ የአንድ ቀን ዋጋ ስለ ድርጅቱ ብዙም አይናገርም፤ ሦስት ሰዎች ለሠርግ ወይም ለሕክምና ገንዘብ ቸግሯቸው ቢሸጡ ዋጋው ይወርዳል። ወሬ በነገሠበት ሳምንት ቸኩሎ የሚሸጥ ሰው የሚያገኘው የተቸጋሪውን ዋጋ ነው። ባንኩ እስኪመዘገብ ድረስ ደግሞ ገዢውን ራስዎ ፈልገው፣ ተደራድረው፣ ዝውውሩን በባንኩ አክሲዮን መዝገብ ላይ ማስመዝገብ ስላለብዎት ይብሳል።

ምክሬ የሚከተለው ነው። አሁን አይሽጡ፤ አሁንም አይጨምሩ። በመጀመሪያ የባንኩን ያለፉ ሦስት ዓመታት ኦዲት የተደረገ ሒሳብ በእጅዎ ያስገቡ፤ የባንኩን መጽሔት ሳይሆን ከነማብራሪያዎቹ ሙሉውን ሒሳብ ማለቴ ነው። ሒሳብ የሚያውቅ ሰው አብሮዎት ይቀመጥና አራት ነገር ይፈልግልዎ፦ የኦዲተሩ አስተያየት ያለ ቅሬታ የተሰጠ መሆኑን፣ የተበላሸ ብድር (በጊዜው ያልተመለሰ ብድር) ከጠቅላላው ብድር ስንት በመቶ እንደሆነና ከዓመት ዓመት ወዴት እንደሚሄድ፣ ለቦርድ አባላትና ለቤተሰቦቻቸው ድርጅቶች የተሰጠው ብድር ምን ያህል እንደሆነ፣ በመጨረሻም ለአንድ አክሲዮን የደረሰው ትርፍ በሦስቱ ዓመታት ማደጉን ወይም መቀነሱን። የተበላሸው ብድር ብሔራዊ ባንክ ለረጅም ጊዜ ሲጠቀምበት ከኖረው የ5 በመቶ መለኪያ በታች ከሆነ፣ የኦዲተሩ አስተያየት ንጹሕ ከሆነና ለአንድ አክሲዮን የሚደርሰው ትርፍ ቢያንስ ካልወረደ ያለዎትን ይዘው ይቆዩ። የተበላሸው ብድር ሁለት ዓመት በተከታታይ ካደገ፣ ወይም ኦዲተሩ ቅሬታ ካስመዘገበ፣ ዋጋው ቢጎዳዎትም ቀስ በቀስ ይውጡ።

መጨመርን በተመለከተ ሒሳቡ ንጹሕ ቢሆን እንኳ አንድ ገደብ አስቀምጥልዎታለሁ። ከሱቅዎና ከቤትዎ ውጭ ካለዎት ሀብት ውስጥ የዚህ ባንክ አክሲዮን አሁን ሲሶውን ከያዘ አይጨምሩ። የዕቁብ ገንዘብም ሆነ ለጨርቅ መግዣ የሚያዞሩት ብር ወደ አክሲዮን መግባት የለበትም፤ በፈለጉበት ቀን ሊያወጡት አይችሉምና። የአዲሱ አክሲዮን መግዣ ቀነ ገደብ ሰነዶቹን ሳያገኙ ቢደርስብዎ ይለፍዎት። ይህ ዋጋ እንደሚያስከፍል አልደብቅዎትም፤ ነባር ባለአክሲዮን ቅድሚያ የመግዛት መብት አለው፣ መብቱን ሳይጠቀሙበት ሲቀሩ በባንኩ ውስጥ ያለዎት ድርሻ ይቀንሳል። ሆኖም የድርሻ መቀነስ መጠኑ ይታወቃል፤ ሳያዩ የገቡበት ኪሳራ ግን መጠኑ አይታወቅም።

ሒሳቡን በባዶ እጅዎ ሄደው በቃል አይጠይቁ። ባለአክሲዮን እንደመሆንዎ ሒሳቡንና የኦዲተሩን ሪፖርት ከጠቅላላ ጉባኤው በፊት የማየት መብት አለዎት፤ ስለዚህ የአክሲዮን ምስክር ወረቀትዎን ቁጥር የጠቀሰ አጭር ደብዳቤ በሁለት ቅጂ አዘጋጅተው በባንኩ ዋና መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ገቢ ያድርጉ፤ በእጅዎ በሚቀረው ቅጂ ላይ ቀንና ማኅተም ያስመቱበት። በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ መልስ ካልመጣ ያንኑ ቅጂ አባሪ አድርገው ለብሔራዊ ባንክ ይጻፉ።